የፍቅረኞች ቀን በሐዋሳ በትንሽ ብር፦ ከምሽቱ በፊት ጨርሱት

ሐዋሳ ውስጥ የፍቅረኞች ቀን ውድ የሚሆነው ከመሸ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ቀን ሙሉ፣ ማለትም የጠዋቱን ዓሣ፣ የከሰዓቱን ቡናና ፀሐይ ስትጠልቅ ሐይቅ ዳር የሚደረገውን ወክ፣ ሁለት ሰው ከአንድ ደህና የሆቴል እራት ባነሰ ብር ሊያሳልፈው ይችላል። እጅ ባጠረበት ዓመት መጀመሪያ መቀየር ያለበት ሰዓቱ ነው። ሰዓቱን ሳይቀይሩ ምግቡን መቀነስ፣ ሁለት ሰው በአንድ ማኪያቶ ተፋጦ አስተናጋጁን እየሸሸ እንዲቀመጥ ያደርጋል፤ ያ ደግሞ ለማንም ደስ አይልም።

በመጀመሪያ ቀኑን እንለይ። በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 14 ነው፤ በእኛ አብዛኛውን ጊዜ የካቲት 7 ይውላል። ጳጉሜን 6 ቀን ሆና ባለፈች ማግስት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ የካቲት 6 ይሆናል። በ2016 እንዲያ ነበር፤ በ2020ም እንዲያው ነው። ይህን ሁሉም ያውቀዋል ብላችሁ አትለፉት፤ አበባ በቀጠሮ አዝዞ በቀን ስህተት ማግስቱን የሚቀበል ሰው አለ።

ቀኑ ከደመወዝ አንጻርም መታየት አለበት። በኢትዮጵያ ወር መጨረሻ ደመወዝ የሚቀበል ሠራተኛ የካቲት 7 ሲደርስ ከደመወዙ አንድ ሳምንት ገደማ ርቋል። የቤት ኪራይ ወጥቷል፣ ዕቁብ ተጥሏል፣ የዱቤ ሱቅ ተከፍሏል። ለበዓሉ ተብሎ የተያዘ ብር ካለ ደመወዝ በገባበት ዕለት ለብቻው መቀመጥ አለበት፤ በሳምንቱ ውስጥ «ከቀረው» እናወጣለን የሚባለው ብር አይገኝም።

ሦስተኛው ነገር ጾም ነው። በ2016 ቀኑ ረቡዕ ዋለ፣ በ2017 ዓርብ። በ2018 ቅዳሜ ሆኖ ሁዳዴ ሰኞ የካቲት 9 ስለገባ ቀኑ ቅበላ መሐል ላይ ወደቀ። በ2019 እሁድ ነው። ሁዳዴ ከየካቲት 1 ጀምሮ ሊገባ ስለሚችል በአንዳንድ ዓመት በዓሉን ሊቀድመው ይችላል። ከሁለት አንዳችሁ የምትጾሙ ከሆነ ይህን ከገበያ በፊት ተነጋገሩበት፤ በተለይ ዓሣን። ዓሣ በጾም ይበላል፣ አይበላም የሚለው በየቤቱ ይለያያል፤ ድስት ላይ ከወጣ በኋላ የሚነሣ ክርክር ምሳውን ያበላሻል። ረመዳን ላይ ሲውል ደግሞ ከዚህ በታች ያለውን የቀን ምሳ ለማፍጠሪያ አዙሩት፤ ዓሣው ተጠብሶ ቢቆይ አይሆንም እንጂ ሌላው ሁሉ ይሄዳል።

ምሽቱ ለምን እንደሚወደድ በቁጥር እንየው። ትልልቅ ሆቴሎችና ሪዞርቶች ሜኑ ላይ የሚጽፉት ዋጋ ብዙ ጊዜ ሰርቪስ ቻርጅና ቫት ያልተጨመረበት ነው። የ1,000 ብር ምግብ አዝዛችሁ 10 በመቶ ሰርቪስ ሲገባበት 1,100 ይሆናል፤ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲታሰብ 1,265 ብር ይደርሳል። ሜኑው ግርጌ በደቃቅ ፊደል የተጻፈችውን መስመር ከማዘዛችሁ በፊት አንብቡ፤ ከሌለች «ቫትና ሰርቪስ ተካቷል?» ብላችሁ ጠይቁ። የዕለቱ «የጥንዶች ፓኬጅ» የሚባለውም ይታሰብበት። ውስጡ ያልመረጣችሁት ወይን፣ ያልመረጣችሁት ኬክና ጠረጴዛ ላይ የተበተነ የጽጌረዳ ቅጠል አለ፤ ለእያንዳንዱ ትከፍላላችሁ። ቀኑ ቅዳሜና እሁድ ላይ ከዋለ ደግሞ ከአዲስ አበባ የሚመጣው እንግዳ ይጨመርበታልና ወንበሩም ይጠፋል።

እንግዲህ ያላችሁን ብር፣ ስንትም ይሁን፣ አሥር ቦታ ክፈሉት። አራቱ ለምግብና ለቡና፣ ሁለቱ ለጀልባ ወይም ለሳይክል፣ ሁለቱ ለባጃጅና ለመግቢያ፣ አንዱ ለአበባ፣ አንዱ ሳይነካ ኪስ ውስጥ ይቆይ። የመጨረሻው አሥረኛ የሚረሳው ነው። ጀልባው ላይ የሚጠየቅ ጭማሪ፣ ያልታሰበ ውሃ፣ የፈነዳ ጎማ የሚወጣው ከእሱ ነው። ብሩ እጅግ ካነሰ የጀልባውን ድርሻ ወደ ምግቡ ጨምሩት፤ የምግቡን ድርሻ ግን ወደ አበባ አታዙሩት።

አሁን ወደ ዓሣው።

ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ድረሱ። ሌሊት ያደረውን መረብ ያወጡ ጀልባዎች የሚገቡት ጠዋት ነው፤ ዓሣው ከመረብ እየተፈታ ዓይናችሁ እያየ ይሸጣል። ሐይቁም በዚያ ሰዓት ይተኛል፤ ንፋሱ ከቀትር በኋላ ነው የሚነሣው። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ከሰው አጠገብ ቆመው የዓሣ ሆድዕቃ እስኪወረወርላቸው ይጠብቃሉ። ቁመታቸው የልጅ ቁመት ያህላል፤ ምግብ በእጃችሁ ይዛችሁ አጠገባቸው አትቁሙ። ጦጣዎቹም ፌስታል የሚያውቁ ናቸውና ዳቦም ሆነ ሙዝ ቦርሳ ውስጥ ይግባ።

ከሐይቁ በብዛት የሚወጡት ቆሮሶ፣ አምባዛና ቢልጫ ናቸው። ለሁለት ሰው ጥብስ ቆሮሶ ውሰዱ። መጠኑ መጥበሻ ውስጥ ይገባል፣ ሽታው ቀላል ነው፣ አጥንቱም ትልልቅ ስለሆነ በእጅ እየለዩ መብላት ይቻላል። ቢልጫ ጣፋጭ ቢሆንም ደቃቅ እሾህ ይበዛዋል፤ እያወሩ ለሚበሉት ምግብ አይሆንም። አምባዛ ሥጋው ሰባ ያለ ስለሆነ ለጉላሽ ያምራል፣ ግን ቅርፊት የሌለው ስለሆነ በሃይማኖታቸው ምክንያት የማይበሉት ብዙዎች ናቸው፤ ሳትጠይቁ አትግዙ።

«ወንድሜ፣ ይሄ የዛሬ ነው የትናንት?» ብትሉ መልሱ «የዛሬ» ነው። ስለዚህ መልሱን ከዓሣው ውሰዱ። ስንጥቡን በአውራ ጣት ገልጣችሁ እዩ፤ ደማቅ ቀይ ከሆነ የዛሬ ነው፣ ወደ ቡናማ ወይም አመድማ ከሄደ ቆይቷል። ዓይኑ ወጣ ያለና የጠራ ይሁን፤ የደፈረሰና የሰመጠ ዓይን ያለውን ተዉት። ጎኑን በጣት ስትጫኑት ወዲያው የሚመለስ ነው ትኩስ፤ የጣታችሁ ጉድጓድ ከቀረ ሥጋው ላልቷል። ቅርፊቱ በእጅ ሲታሽ በቀላሉ ከረገፈም ያው ምልክት ነው።

እያንዳንዱ 300 ግራም ገደማ የሆነ ሁለት ቆሮሶ ለሁለት ሰው ይበቃል። ፊሌቶ አስወጡልን ካላችሁ ግን ሂሳቡ ይለወጣል። ከአንድ ሙሉ ቆሮሶ የሚገኘው ንጹሕ ሥጋ የክብደቱ ሲሶ ያህል ብቻ ነውና ለሁለት ሰው 400 ግራም ፊሌቶ ለማግኘት 1 ኪሎ ከ200 ግራም ገደማ ዓሣ መግዛት አለባችሁ። በትንሽ ብር የሚያዋጣው ሙሉውን መጥበስ ነው። «ቅርፊቱን ጠርገህ፣ ሆዱን አውጥተህ፣ ጭንቅላቱን ተወው» በሉት። ሐሞቱ እንዳይፈስ ተጠንቅቀው ያወጡት እንደሆነ እዚያው ተመልከቱ፤ ከፈሰሰ ሆዱ አካባቢ ቢጫማ አረንጓዴ ቀለም ይታያል፣ እሱን ቆርጦ መጣል ነው፣ ካልሆነ ይመርራል። ሰው ጥሬውን በዳጣ ሲበላ ታያላችሁ፤ ከጥገኛ ትል የሚከላከለው እሳት ነውና እኔ አልመክርም።

የካቲት ሐዋሳ ላይ ፀሐዩ የበረታበት ወቅት ነው። ዓሣውን በረጠበ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ፌስታሉን አፉን ሳታስሩ ያዙ፤ በታሰረ ፌስታል ውስጥ በራሱ ሙቀት ይበላሻል። በሁለት ሰዓት ውስጥ ወይ ፍሪጅ ይግባ ወይ እሳት ይንካው።

ቤት ስትደርሱ አጥባችሁ በሁለቱም ጎን በአንድ አንድ ሳንቲ ሜትር ርቀት እስከ አጥንቱ ተልትሉት። አሞራ ገደል ላይ የሚቀርበው ጥብስ ጥርት ብሎ የሚቆረጠመው በዚህ ትልትል ነው። ዘይቱ በትልትሉ ውስጥ ገብቶ ደቃቁን አጥንት ሳይቀር ያደርቀዋል፤ ያልተተለተለ ዓሣ ቆዳው ሲያርር አጥንቱ ዙሪያ ጥሬ ይቀራል። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና የግማሽ ሎሚ ጭማቂ አሽታችሁ 10 ደቂቃ ተዉት። ከዚያ በላይ አታቆዩት፤ ሎሚ ሥጋውን እንደ እሳት ያበስለዋልና መጥበሻው ላይ ይፈራርሳል። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ትልትሉ ውስጥ ሳይቀር አድርቁት። ዘይት የሚፈናጠረውና ቆዳው መጥበሻ ላይ የሚጣበቀው በእርጥበቱ ምክንያት ነው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ነስንሱበትና ትርፉን አራግፉት።

ዘይት ስለተወደደ ድስት ሙሉ አያስፈልግም። ትንሽ ጎድጓዳ መጥበሻ ውስጥ ግማሽ ሊትር ያህል ይበቃል፤ ዓሣውን እስከ ወገቡ ይሸፍን እንጂ አይዋጠው። አንዲት ቁራጭ ሽንኩርት ጣሉበት፤ ወዲያው አረፋ ከበባትና ወደ ላይ ከወጣች ደርሷል። ዝም ብላ ከታች ከተቀመጠች አልጋለም፤ ያኔ የገባ ዓሣ ዘይት ይጠጣል። አንድ በአንድ ጥበሱ። ሁለቱን ባንዴ ስትከቱ ዘይቱ ይቀዘቅዛል። በአንድ ጎን ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ሳትነኩት ተዉት፤ ቆዳው ሲደርቅ ራሱ ይለቃል፣ ገና ሲጣበቅ ብትገለብጡት ግን ግማሹ መጥበሻው ላይ ይቀራል። ድምፁን ስሙ። መጀመሪያ የሚጮኸው ውሃው ሲወጣ ነው፤ ጩኸቱ ቀንሶ ወደ ስስ ፍጭጭታ ሲወርድ ዓሣው ደርሷል። ስታወጡት ወንፊት ወይም ማሽላ መንፊያ ላይ ይቀመጥ፤ ሳህን ውስጥ ክዳን ገጥማችሁ ብታቆዩት በእንፋሎቱ ይልማል።

ዳጣውን ዓሣው ጨው እየጠጣ ሳለ ሥሩ። አምስት አረንጓዴ ቃሪያ፣ ሦስት ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት፣ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ዝንጅብል፣ ጥቂት በሶብላ፣ ጨው፣ በመጨረሻ የሎሚ ጠብታና አንድ ማንኪያ ዘይት። በሙቀጫ ብትወቅጡት ከመፍጫ ማሽን ይልቅ ያምራል፤ ማሽኑ ውሃ ያደርገዋል። ከሁለት አንዱ ቃጠሎ የማይችል ከሆነ የሦስቱን ቃሪያ ፍሬ አውጡ። እጃችሁን ሳትታጠቡ ዓይን መንካት አይታሰብም።

አብረው የማይኖሩ፣ ቤተሰብ ጋር ያሉ ጥንዶች ብዙ ናቸው፤ ማዕድ ቤትም የላቸውም። ለእነሱ እዚያው አሞራ ገደል ማስጠበስ ይሻላል። በር ላይ የመግቢያ ክፍያ አለ። ዓሣውን ራሳችሁ መርጣችሁ፣ ዋጋውን ከነመጥበሻው ተስማምታችሁ፣ አንድ ትልቅ ዓሣ በአንድ ሳህን ማዘዝ ከሁለት ትንንሽ ይረክሳል፤ ለመጎራረስም ይመቻል። ቡና በፔርሙዝ ከቤት ይዞ መውጣት ይቻላል። በጾም ቀን ደግሞ በያይነቱ ለሁለት አንድ ትሪ ይበቃል፤ አንድ ተጨማሪ እንጀራ ማዘዝ ሁለተኛ በያይነቱ ከማዘዝ በጣም ይቀላል።

ጀልባ ከፈለጋችሁ ከምሳ በፊት ይሁን። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ማዕበል ይነሣል፤ ውሃው ይረጫል፣ ሰው ያጥወለውላል፣ ፎቶም አይነሣም። ከመሳፈራችሁ በፊት ሦስት ነገር ተስማሙ፦ ዋጋው በሰው ነው ወይስ በኮንትራት፣ ስንት ደቂቃ ነው፣ የት ደርሶ ይመለሳል። በሰው የሚከፈለው ጀልባ እስኪሞላ ያስጠብቃል፤ ሌሎች ጥንዶች ካሉ ተደራጅታችሁ ኮንትራቱን መካፈል ይሻላል። ጥቁር ውሃ በተባለው ቦታ በኩል ጉማሬ ለማየት የሚኬደው ጉዞ ረዘም ስለሚል ይወደዳል፤ ጉማሬው ሲገኝም ራቅ ብሎ ማየት ነው፣ «ጠጋ በል» ብሎ ባለ ጀልባውን መጎትጎት አደጋ አለው። ላይፍ ጃኬት ከሌለ አትሳፈሩ። ጃኬቱም ትከሻ ላይ የሚጣል ሳይሆን ከፊት የሚቆለፍ ነው፤ መቆለፊያው ተሰብሮ በገመድ የታሰረ ከሆነ ሌላ አስቀይሩ። እግርን ውሃው ውስጥ መዘፍዘፍም ይቅር፤ ሐይቁ ዳር ቢልሃርዚያ አለ።

ጀልባ ካልወደዳችሁ ሐዋሳ ሜዳ ከተማ ናት፣ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ የሳይክል ኪራይ በሰዓት ይገኛል። መታወቂያ ማስያዝ ሊጠየቅ ስለሚችል ያዙ። ከመነሣታችሁ በፊት ፍሬኑን ጨምቁ፣ ጎማውን ተጫኑ፣ ሰንሰለቱን አዙሩ። የተበላሸ ሆኖ ያገኛችሁት ነገር ካለ አከራዩ ፊት አሳዩት፤ ስትመለሱ የእናንተ ጥፋት እንዳይሆን።

አበባውን በተመለከተ አንድ ዘንግ ጽጌረዳ ይበቃል፤ ሃያ ዘንግ ያማረ የሚመስለው ፎቶ ላይ ነው። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ብዙ አበባ ወደ ውጭ የምትልክ አገር ናት፣ የባቱ (ዝዋይ) እርሻዎችም ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ናቸው፤ ሆኖም በዚህ ሳምንት እርሻዎቹ ለውጭ ገበያ ስለሚሽቀዳደሙ ለአገር ውስጥ የሚቀረው ይወደዳል። ከዋዜማው ጠዋት ግዙ፤ የዕለቱን ከሰዓት ከመንገድ ዳር ብትገዙ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የመታው ነው። እንቡጡን ከሥሩ፣ ከአረንጓዴው በላይ ባለው ወፍራም ቦታ፣ በሁለት ጣት ጫን አድርጉት። ጠንካራ ከሆነ ትኩስ ነው፣ እንደ ስፖንጅ ከገባ ውስጡ ተልፈስፍሷል። ውጨኛው ቅጠል ጫፉ ቢጠወልግ አይጎዳም፤ እሱን መንቀል ይቻላል።

ቤት ገብታችሁ ግንዱን በሰላ ቢላ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል በሰያፍ ቁረጡ። መቀስ ግንዱን ይጨፈልቀዋልና ውሃ የሚስብበት ቀጭን ቱቦ ይደፈናል። ውሃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል ሁሉ አንሡ፤ ቅጠል ሲበሰብስ ባክቴሪያው ግንዱን ይዘጋል። ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ሦስት ጠብታ በረኪና ጨምሩ። ስኳሩ ለእንቡጡ ምግብ ነው፣ በረኪናው ውሃው እንዳይሸት። አንገቱን ከደፋ ተስፋ አትቁረጡ። እንደገና ቆርጣችሁ ሙሉ ዘንጉን ከነእንቡጡ በቀዝቃዛ ውሃ በሞላ ሳፋ ውስጥ ለአንድ ሰዓት አስተኙት፤ የተደፈነው በአየር አረፋ ከሆነ ቀጥ ይላል።

ከምሳ በኋላ ቡና። የሲዳማ ቡና አገር ላይ ሆኖ በዚህ ቀን በስኒ ከፍሎ መጠጣት ያሳዝናል። ሩብ ኪሎ ጥሬ ቡና ብትገዙ ለሁለት ሰው አምስትና ስድስት ጊዜ ይሆናል። አንድ ጊዜ ለማፍላት አንድ ሙሉ እፍኝ፣ 40 ግራም ገደማ፣ ታጥቦ ይቆላ። ሲቆላ ክብደቱ በስድስተኛ ያህል ይቀንሳል። በመካከለኛ እሳት ሳይቋረጥ እያማሰሉ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ፤ እሳቱ ከበረታ ውጩ ጠቁሮ ውስጡ ጥሬ ይሆናል፣ ቡናው ይጎመዝዛል። ጭሱን ለተጋባዡ ማቅረብ አይረሳ። ግማሽ ሊትር በምትይዝ ጀበና ውሃው ሲንተከተክ ቡናውን ጨምሩ፤ አፏ ድረስ ሲገነፍል ከእሳት አውጥታችሁ ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ዘንበል አድርጋችሁ አሳርፉ። ሳይሰክን የተቀዳ ቡና አተላው ስኒ ውስጥ ይገባል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪጠጣ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይሄዳል፤ ከቀኑ ውስጥ ለማውራት ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡት።

አንድ ነገር በጥብቅ፦ የከሰል ምድጃ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አታኑሩ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፣ ተኝቶ ያለን ሰው ይገድላል። በርና መስኮት ይከፈት፤ ቡናው ካለቀ ምድጃው ደጅ ይውጣ፤ «ይሞቀናል» ብሎ አስገብቶ መተኛት አይሞከር። ዕጣንም አስም ላለበት ሰው ይከብዳል፤ ቡናው በራሱ ይሸታል።

ከቡናው ጎን በኬክ ፈንታ ስፕሪስ ሥሩ፤ የሲዳማ አቮካዶ በርካሽ ይገኛል። አንድ የበሰለ አቮካዶ በሩብ ኩባያ ውሃና በአንድ ማንኪያ ስኳር ደቁሱት፤ ጁስ መፍጫ ከሌለ በሹካ አድቅቃችሁ በወንፊት ማሳለፍ ነው። ግማሽ ትንሽ ፓፓያ ለብቻው፣ ያለ ውሃ። ብርጭቆው ውስጥ አቮካዶው ከታች፣ ፓፓያው በማንኪያ ጀርባ ቀስ ተብሎ ከላይ። ቀለሙ የሚደባለቀው አቮካዶው ከቀጠነ ነውና ውሃውን አትጨምሩ። ሎሚ ጨመቅ ስታደርጉበት አይጠቁርም።

ስጦታ መግዛት የማይቻል ከሆነ ደብዳቤ ጻፉ፤ በስልክ ሳይሆን በወረቀት። ብዙ ሰው የሚሰናከለው ከማኅበራዊ ሚዲያ ቃል እየቀዳ ስለሚጽፍ ነው። አንድ ገጽ ይበቃል። በመጀመሪያ በዚህ ዓመት እሷ ወይም እሱ ያደረገላችሁን አንድ የተለየ ነገር፣ ቀኑን ወይም ቦታውን ጠርታችሁ፤ ቀጥሎ ያ ነገር ምን እንዳቀለለላችሁ፤ በመጨረሻ በሚመጣው ወር አብራችሁ የምታደርጉትን አንድ ነገር። «ሁሌም»ና «ለዘላለም» የሚሉትን ቃላት አውጥታችሁ ስታነቡት ደብዳቤው ባዶ ከሆነ እንደገና ጻፉት። ከስልክ ውስጥ አንድ ፎቶ መርጣችሁ ፎቶ ቤት በ10 በ15 ሳንቲ ሜትር አሳትሙና ከደብዳቤው ጋር አድርጉት። ፎቶው በቴሌግራም የተላከ ከሆነ ተጨምቆ ጥራቱ ይወርዳል፤ ፎቶ ቤት ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩት።

ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ሲሆን ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው የሐይቁ ዳር መንሸራሸሪያ ውጡ። ከተማው ያለው በሐይቁ ምሥራቅ ዳር ስለሆነ ፀሐይዋ የምትጠልቀው ፊት ለፊት፣ ከውሃው ማዶ ነው፤ በየካቲት ወር አጋማሽ 12 ሰዓት ከ35 አካባቢ ትገባለች። ፎቶ የሚያምረው የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ላይ ነው። ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ከሆነች ፊታችሁ ይጨልማል፤ ጎን ለጎን ቁሙና ብርሃኑ በአንድ ጉንጭ ይውደቅ። ፎቶ አንሺ ከቀረባችሁ «በፎቶ ነው? ስንት ይደርሰናል? ሁሉንም በስልክ ትልክልናለህ?» ብላችሁ ከማንሣቱ በፊት ጨርሱ፤ ሰላሳ ካነሣ በኋላ በቁጥር ቢያስከፍል መከራከሪያ የላችሁም። ቆሎና ለውዝ ከበላችሁ ላስቲኩን ኪስ ውስጥ ክተቱ። የሐዋሳ ሐይቅ የሚወጣበት ወንዝ የለውም፤ የተጣለበት ሁሉ እዚያው ይቀራል።

ሲጨልም ንፋሱ ቀዝቀዝ ይላል፤ ነጠላ ወይም ጃኬት ያዙ። ባጃጅ ሐይቁ ዳር ከቆሙት ከመያዛችሁ በፊት ወደ ዋናው መንገድ ትንሽ ተራመዱ። እዚያ በመስመር የሚጭን ይገኛል፤ ሐይቁ ዳር በዚያ ምሽት የሚጠራው ግን የኮንትራት ዋጋ ነው።